ሰፌድ፣ ሽርጥና ባዶ ወረቀት፦ ትልቅ ሰው ጭንቀቱን በቀለም ሚያስታግስበት መንገድ

ነገሩ የጀመረኝ በቁጥር ነው። ስራዬ ሂሳብ ነው፣ ምሰራው ኮምቦልቻ ቤቴ ደሴ፣ በየቀኑ በመሀላቸው ያለውን የሀረጎን ዳገት ወርጄ እወጣለሁ። ሂሳብ የሰራ ሰው ሰኔን ያውቃታል፣ በጀት አመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል ሲባል ከግንቦት ጀምሮ እንቅልፍ ሚባል ነገር ይጠፋል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰአት ነቅቼ ያልታረቀው የባንክ ሂሳብ ጣራው ላይ ተጽፎ ይታየኛል። እና አንድ ቀን ስብሰባ ላይ አለቃችን ይናገራል ይናገራል፣ እኔ ደግሞ ፊቴ ያለውን ሪፖርት ይዤ ለካ ሳላውቀው የ8ን ሁለት ቀዳዳ በቀይ እስክሪብቶ እየሞላሁ ነው፣ ከዛ የ0ን፣ ከዛ የ6ን፣ ከዛ የ9ን። ገጹን ጨረስኩት። ስብሰባው ሲበተን ትከሻዬ ወርዷል፣ ጥርሴ አልተነከሰም፣ ሁሌ ሚይዘኝ የራስ ምታትም የለም። አለቃዬ ወረቀቱን አይቶ "ይሄ ምንድነው?" አለኝ፣ "እያጣራሁ ነው" አልኩት። ያመነኝ ይመስለኛል።

ኋላ ኔት ላይ ስገባ ነው ይሄ ነገር የታወቀ መሆኑን ያየሁት። ለትልልቅ ሰዎች ተብሎ የሚታተም የከለር መጽሀፍ አለ፣ መስመሩ ተስሎ ያለቀ፣ ቀለሙን ብቻ ምትሞሉት፣ ውጪ አገር በፈረንጆቹ 2015 አካባቢ መጽሀፍት ቤቱን ሁሉ አጥለቅልቆት ነበር። እኛ ጋ ግን ከለር የያዘ ሰው ወይ ልጅ ነው ወይ የኬጂ አስተማሪ። ጎረቤታችን እትዬ ቡና ሊጠጡ ገብተው ሲያዩኝ "አንቺ ልጅ፣ የማንን የቤት ስራ ነው ምትሰሪው?" አሉኝ፣ "የራሴን" ስላቸው ለእማየ በአይናቸው አንድ ነገር አሏት። አብሽሩ፣ እንዲህ አይነት ነገር ይገጥማችኋል፣ ሁለት ሶስት ቀን ካዩት ይለምዱታል።

አሁን ወደ ዋናው። ብዙ ሰው ሲጀምር ሚሳሳተው አንድ ነገር ላይ ነው፣ ነጭ ወረቀት ያወጣል፣ ከለሩን ይደረድራል፣ ከዛ "ምን ልሳል?" ይላል። እዛው ላይ ተበላሸ። በፈረንጆቹ 2005 የወጣ ከሪና ካሰር የሚባሉ ሰዎች የሰሩት ጥናት አለ፣ አሜሪካ ውስጥ 84 የኮሌጅ ተማሪዎችን ሰብስበው መጀመሪያ ሆን ብለው አስጨነቋቸው፣ በህይወታችሁ በጣም የፈራችሁበትን ጊዜ አስታውሳችሁ ጻፉ ብለው (እኔን ቢሆን ሰኔን ነበር ምጽፈው)። ከዛ ለሶስት ከፈሏቸውና 20 ደቂቃ ቀለም አስቀቧቸው። ለአንዱ ቡድን ማንዳላ ሰጡት፣ ማንዳላ ማለት ከመሀል ተነስቶ ዙሪያውን አንድ አይነት ቅርጽ እየደጋገመ ሚሄድ ክብ ነው፣ በኛ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰፌድ አስቡት፣ በቃ እሱ ነው። ለሁለተኛው ቡድን መስመርና ካሬ የተጠላለፈበት ወረቀት ሰጡት፣ ይሄ ደግሞ ሽርጥ ነው፣ አባቶቻችን ወገባቸው ላይ ሚያሸርጡት ሽርጥ ራሱ። ለሶስተኛው ባዶ ወረቀት፣ እንደፈለጋችሁ ቀቡ ብለው።

ውጤቱ ምን ሆነ፣ ሰፌዱንም ሽርጡንም የቀቡት ጭንቀታቸው ቀነሰ፣ ባዶ ወረቀት የተሰጣቸው እንደዛ አልሆኑም። ከዛ ወዲህ ሌሎች ሰዎች ሲደግሙት ክቡ ከካሬው ይበልጣል ያሉ አሉ፣ ልዩነት የላቸውም ያሉም አሉ፣ ስለዚህ አንዱን ጥናት ይዞ መማል አይቻልም። ግን እኔ በራሴ ያየሁትም ይሄንኑ ነው። ባዶ ወረቀት ሌላ ስራ ነው ሚሰጣችሁ፣ ምን ልሳል፣ ያምራል ወይ፣ ሰው ቢያየውስ። መስመር ያለው ወረቀት ግን ትልቁን ነገር ጨርሶላችሁ ትንሿን ብቻ ይተውላችኋል፣ ይህቺ ቀዳዳ ቀይ ትሁን ወይስ ቢጫ። ይህቺ ጥያቄ አታስፈራም፣ ግን ደግሞ አእምሮን ለመያዝ ትበቃለች፣ ያልታረቀው ሂሳብ መግቢያ ያጣል።

ሌላም ልጨምርላችሁ፣ በፈረንጆቹ 2016 አሜሪካ ፊላዴልፊያ ያለው ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ 39 አዋቂ ሰዎችን 45 ደቂቃ በሸክላ፣ በማርከርና በተቆራረጠ ወረቀት የፈለጉትን አሰርተው ከስራው በፊትና በኋላ ምራቃቸውን ለኩ፣ ከአራቱ ሶስት በሚሆኑት ላይ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ወርዶ ተገኘ። ደስ ያለኝ ነገር ስዕል ሚችለውም ማይችለውም እኩል መሆኑ ነው። እነሱ እንደፈለጉ ነው የሰሩት፣ ግን አጠገባቸው ባለሙያ ተቀምጧል፣ እኛ አጠገባችን ያለው ጀበና ስለሆነ በመስመሩ ብንሄድ ይሻለናል።

እሺ ምን ይገዛል። ብዙ አትግዙ። እኔ መጀመሪያ ተነሳስቼ ባለ 48 ከለር ገዛሁ፣ ማታ ቁጭ ብዬ ከአምስት አይነት አረንጓዴ አንዱን ልመርጥ ግማሽ ሰአት ፈጀሁ፣ ከመጀመሬ በላይ ተጨንቄ ተነሳሁ። ባለ 12 የእንጨት ከለር በቂ ነው፣ ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ የጽህፈት መሳሪያ ሱቅ ውስጥ አይጠፋም። ዋጋ አልነግራችሁም፣ ይሄን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ይለወጣል። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ከለሩን አውጥታችሁ ጫፉን ፊት ለፊት ተመልከቱት፣ ቀለሙ እንጨቱ መሀል ላይ በትክክል መቀመጥ አለበት፣ ወደ አንድ ጎን ከተጠጋ በቀረጻችሁት ቁጥር ይሰበራል። ሁለተኛ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሳትጫኑ አሽት አድርጉት፣ ቀለም ከለቀቀ ጥሩ ነው፣ እንደ ጥፍር ከቧጠጠ መልሱለት። ባለሱቁ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ። ደግሞ አታስጥሉት፣ የእንጨት ከለር ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ውጪው ደህና መስሎ ውስጡ ይሰባበራል፣ ከዛ ሲቀረጽ ብትን ይላል፣ እናንተ መቅረጫውን ትረግማላችሁ።

መቅረጫ ለብቻው ግዙ፣ ከከለሩ ጋር በነጻ ሚመጣውን ፕላስቲክ ተዉት፣ እሱ እንጨት አኝኮ ነው ሚተፋው። ምላጭ ሚችል ካለ ከሁሉም እሱ ይሻላል፣ በምላጭ የቀረጽን ትውልድ እናውቀዋለን፣ ልጅ ካለ ብቻ አርቁት።

ማርከር ያምራል ግን ተራ ኤ ፎር ወረቀት ላይ ወደ ጀርባ ያልፋል፣ ጠረጴዛውንም ሚቀጥለውንም ገጽ ያበላሻል፣ ምትጠቀሙ ከሆነ ከስር አሮጌ ካርቶን አድርጉ። ቢሮ ላይ ለምትሆኑ ደግሞ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርና አረንጓዴ እስክሪብቶ ይበቃችኋል፣ ማንም አይጠረጥርም።

አንድ ሌላ ቦታ ማታገኙት ነገር፣ ደሴ ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ ጉሙ ወርዶ ቤቱን ሁሉ ሲያቀዘቅዘው ከለሩ ይደርቃል፣ ውስጡ ሰም ስላለው ሲበርደው ጠንከር ይላል፣ ብትጫኑትም ግራጫ ነገር ነው ሚወጣው። ሶስት አራቱን በሁለት መዳፍ መሀል አድርጋችሁ አሹዋቸው፣ ወይ ብብታችሁ ስር ትንሽ ያዟቸው፣ ይሳቅ እንጂ ይሰራል። ኮምቦልቻ ችግሩ ሌላ ነው፣ እጅ ያልባል፣ ላቡ ወረቀቱን ያረጥበዋል፣ የተቀባውንም ያበላሸዋል፣ ከመዳፋችሁ ስር አንድ ሶፍት ወይ የታጠፈ ወረቀት አስገቡ።

ገጹን ከየት ታመጣላችሁ። ቀላሉ መንገድ ኔት ላይ ማንዳላ ብላችሁ ፈልጋችሁ በነጻ የተለቀቀውን አውርዳችሁ በቴሌግራም ለኮፒ ቤቱ ልጅ ልካችሁ ፕሪንት ማስደረግ ነው። ስትመርጡ ግን በቀዳዳው ስፋት ምረጡ፣ ቀዳዳው ከምስር ካነሰ አትውሰዱት፣ እሱን ለመሙላት ስትሉ አንገት ነው ሚታመመው። ለጀማሪ የባቄላ ፍሬ ሚያክል ቀዳዳ ጥሩ ነው።

እኔ ግን አሁን አሁን የራሴን ነው ምሰራው፣ እና ስሩት ምላችሁም ይሄንን ነው፣ ምክንያቱም መስመሩን ማስመሩ ራሱ ግማሹን ጭንቀት ይዞ ይሄዳል። ስዕል መቻል አይጠይቅም፣ እኔ ድመት ስስል በግ ሚመስልብኝ ሰው ነኝ።

እንዲህ ነው። ከሳሙና ወይ ከሻይ ቅጠል ካርቶን ላይ የጣት ስፋት ያላት፣ ከ10 ሴንቲ በለጥ ምትል ቁራጭ ቁረጡ። አንዱን ጫፍ በመርፌ ብሱት። ከዛ ቀዳዳ በማስመሪያ እየለካችሁ በ2፣ በ4፣ በ6፣ በ8 እና በ9 ተኩል ሴንቲ ላይ የእርሳስ ጫፍ ሚያስገባ ቀዳዳ ክፈቱ። ኤ ፎር ወረቀት ወርዱ 21 ሴንቲ ስለሆነ 9 ተኩል ትልቁ ይሁን፣ ከ10 ተኩል ካለፋችሁ ከወረቀቱ ትወጣላችሁ። መርፌዋን ወረቀቱ መሀል ላይ ተክላችሁ እርሳሱን በየቀዳዳው እያስገባችሁ አዙሩ፣ አምስት ክብ ወጣላችሁ። ቤት ውስጥ ኮምፓስ ያለው ተማሪ ካለ ከሱ መበደር ይቻላል፣ እኔ ቤት ያለው ግን መርፌው ከጠፋ ቆይቷል።

ክቡን ለስምንት መክፈል ደግሞ አለ። በሌላ አሮጌ ወረቀት ላይ ትልቁን ክብ ደግማችሁ አዙሩና በመቀስ ቁረጡት፣ ለሁለት እጠፉት፣ እንደገና ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት፣ ሶስት ጊዜ ማለት ነው። ስትዘረጉት ስምንት እጥፋት አለው። እሱን ዋናው ላይ አስተካክላችሁ አስቀምጡና እያንዳንዱ እጥፋት ጫፍ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ፣ ከዛ ነጥቡን ከመሀል ጋር በማስመሪያ ሳትጫኑ አገናኙ፣ እነዚህ መስመሮች በኋላ ይጠፋሉ።

አሁን መሙላት ነው። መሀሏን ትንሿን ክብ ተዋት። በ2 እና በ4 መሀል ባለው ቀለበት ውስጥ በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ቅጠል፣ ስምንት ቅጠል። በሚቀጥለው ቀለበት በየክፍሉ አንድ ሶስት ማዕዘን፣ መቀመጫው ወደ ውስጥ ጫፉ ወደ ውጪ፣ መሀል መሀሉ ላይ ሌላ ስምንት የተገለበጠ ሶስት ማዕዘን ራሱ ይፈጠራል። በሶስተኛው ቀለበት እርስ በርሳቸው ጫፍ ለጫፍ ሚነካኩ ስምንት ዳይመንድ። የመጨረሻውን ቀለበት ባዶውን ተዉት፣ ዳር ነው። ከዛ ሚፈለገውን መስመር ብቻ በጥቁር እስክሪብቶ አድምቃችሁ እርሳሱን በላጲስ አጥፉት። 60 ገደማ ቀዳዳ አገኛችሁ፣ ለሶስት አራት ማታ ይበቃል።

የመጀመሪያዬን ስሰራ እማየ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታይ ቆየችና "ይሄማ ሰፌድ ነው፣ ግን ተንጋዷል" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ መርፌዋ ተንሸራታብኝ ነበር። እማየ ስፌት ትሰፋለች፣ በወስፌ እየወጋች ስንደዶውን በአክርማ እየጠመጠመች፣ ቀለም የተነከረውን አለላ በየመሀሉ እያስገባች። ከመሀል ተነስታ ስትዞር ክቡ በሰፋ ቁጥር ጥምጥሙ ይበዛል፣ ስለዚህ ጥለቱ እንዳይዛነፍ ዝም ብላ በከንፈሯ ትቆጥራለች፣ ያኔ ሰው ቢያናግራት አትመልስም። በ2014 ጥቅምትና ህዳር፣ ጦርነቱ እኛ ጋ የደረሰ ጊዜ፣ ያን ጊዜ ደሴና ኮምቦልቻ የነበረ ያውቀዋል፣ እማየ በር ዘግታ አንድ ሞሶብ ይዛ ተቀመጠች። "ማን ሊበላበት ነው አሁን ሞሶብ ምትሰፊው?" ስላት "እጄ ስራ ሲፈታ ጆሮዬ ይሰማል" ነበር ያለችኝ። ሞሶቡ አሁንም አለ፣ ክዳኑ ላይ ጥለቱ አንድ ቦታ ይዘላል፣ እዛ ጋ ቁጥሩ ጠፍቷት ነው። የትኛው ቀን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ክብ ማስመር ለሚሰለቸው የሽርጡ ዘዴ አለላችሁ፣ እሱ ከሁሉም ይቀላል። የተማሪ የሂሳብ ደብተር፣ ካሬ ካሬ መስመር ያለውን ውሰዱ። ሶስት ቀለም ምረጡ፣ ለምሳሌ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ። ወደ ታች ሶስት ካሬ ስፋት ቢጫ፣ አንድ ካሬ ባዶ፣ አምስት ካሬ ሰማያዊ፣ አንድ ባዶ፣ ሁለት ቀይ እያላችሁ ገጹ እስኪያልቅ ሂዱ፣ ሁሉንም በስሱ። ከዛ ደብተሩን አዙራችሁ ያንኑ ተራ ወደ ጎን በላዩ ድገሙት። ሁለቱ በተገናኙበት አዲስ ቀለም ይወጣል፣ ቢጫው ሰማያዊውን ሲያገኝ አረንጓዴ፣ ቀዩን ሲያገኝ ብርቱካናማ። ሸማኔው ድሩንና ማጉን ሲያጠላልፍ ሽርጡ ላይ ያ ሁሉ ቀለም ሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው፣ ክሩ ሶስት አይነት ብቻ ሆኖ። ይሄኛው ምንም ማሰብ አይጠይቅም፣ በጣም ለደከማችሁበት ቀን ነው፣ መቁጠር ብቻ። የነጠላ ጥለትም በዚሁ ደብተር ይወጣል፣ ያላችሁን ነጠላ ዘርግታችሁ ጥለቱን እያያችሁ ካሬ በካሬ ገልብጡት፣ ትንሽ አይን ይፈልጋል ግን ሲወጣ ያምራል።

ቀለም ስትመርጡ ቁጭ ከማለታችሁ በፊት ሶስት ወይ አራት አውጡና ሌላውን ሳጥኑን ዝጉት። ይሄን አጥብቄ ነው ምለው። ስፌት ምትሰፋ ሴት እኮ ፊቷ ያለው አለላ ሶስት አራት አይነት ነው፣ ሀምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ከዛ ያልተነከረው የሳሩ የራሱ ቀለም፣ በሱ ነው ያንን ሁሉ ምትሰራው። ምን ከምን እንደሚሄድ ግራ ከገባችሁ አንዱን ደማቅ፣ አንዱን ፈዛዛ፣ አንዱን ጥቁር ቢጤ ያዙ፣ አይበላሽም።

አቀባቡ ላይ። መጀመሪያ ቀዳዳውን ዳር ዳሩን በሹል ጫፍ ዙሩት፣ ከዛ ውስጡን በትንንሽ ክብ እያደረጋችሁ ሙሉ፣ ወዲህ ወዲያ አትፈትጉ፣ ሲፈተግ መስመር መስመር ያወጣል። አትጫኑ፣ ከተጫናችሁ እጃችሁ እንደተጨነቀ ነው ማለት ነው፣ እኔ ጣቴ ጫፍ ነጭ ሆኖ ሳገኘው ነው ምነቃው። ፈዛዛውን አስቀድሙ ጥቁሩን ከላይ፣ ተቃራኒው አይሄድም። እጃችሁን አታጣሙ፣ ወረቀቱን አዙሩት። ሁለት ቀለም እንዲዋሃድ ከፈለጋችሁ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ እጅግ ትንሽ ቫዝሊን ነክታችሁ አሹት፣ ለስላሳ ይሆናል፣ ከበዛ ግን ወረቀቱ እንደ ሳምቡሳ መጠቅለያ ዘይት ነው ሚሆነው።

መስመር ማለፍ አለ፣ ያልፋል፣ በቃ። ስፌት ከሆነ ወደኋላ ይፈታል፣ ይሄ አይፈታም፣ ዝለሉት። አንድ ጓደኛዬ መስመር ባለፈች ቁጥር ወረቀቱን እየቀደደች አዲስ ትጀምር ነበር፣ አንድ ማታ አምስት ወረቀት ቀዳ ደውላ "ይሄ ነገርሽ አበሳጨኝ" አለችኝ። እሷን ወደ ሽርጡ አዞርኳት፣ እዛ ስህተቱ አይታይም።

ሰአቱን በተመለከተ 20 ደቂቃ ጥሩ ጅማሬ ነው፣ ግን አላርም አትሙሉ፣ አላርም ስትጠብቁ ሌላ ጭንቀት ነው። እኔ በቡና ነው ምለካው፣ ቡናው ሲታጠብ እጀምራለሁ፣ አቦል ሲቀዳ አቆማለሁ። ካላቆምኩ እስከ ቶና፣ ቅዳሜ ከሆነ እስከ በረካ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡ፣ ፊቱን ደፍቶ አጠገብ ማስቀመጥ አይቆጠርም፣ እሱ ሲንቀጠቀጥ ልብም አብሮ ይንቀጠቀጣል። የሰራችሁትንም ቶሎ ብላችሁ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ፣ ከለቀቃችሁ ሚቀጥለውን ስትቀቡ ለላይክ ነው ምትቀቡት።

መተንፈስ ላይ ብዙ አልልም፣ አንድ ቅጠል ስትሞሉ ትንፋሻችሁን በቀስታ አውጡ፣ ሚቀጥለው ቅጠል ላይ አስገቡ፣ ከስምንቱ ቅጠል በኋላ ራሱ ይለምዳል። ሀሳብ ይመጣል፣ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ያ ሰውዬ የተናገረው። ሲመጣ አትታገሉት፣ የትኛው ቀዳዳ ላይ ነበርኩ ብላችሁ ተመለሱ።

መብራት ሲጠፋ በሻማ ምትቀቡ ካላችሁ ቢጫውን አትንኩት። በሻማ ብርሀን ቢጫና ነጭ አይለይም፣ እኔ አንድ ሙሉ ቀለበት የቀባሁ መስሎኝ ጠዋት ሳየው ግማሹ ባዶ ግማሹ ሁለቴ የተቀባ። ሰማያዊና ጥቁርም ይምታታሉ። ቀዩ ግን በሻማም ቀይ ነው።

ደግሞ ሚኒባስ ላይ አትሞክሩት። ሞክሬዋለሁ፣ ሀረጎ ሁለተኛው መታጠፊያ ጋ ሳልደርስ ነው ያጥወለወለኝ፣ ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ ሎሚ ሰጥተውኝ ነው ኮምቦልቻ የደረስኩት።

አሁን ቁም ነገር። ይሄ የቀን ውጥረትን፣ የስራ ስትሬስን፣ እንቅልፍ ሲሸሽ ያለችውን ሰአት ነው ሚያግዘው። ራሱን የቻለ ህክምና አይደለም። አርት ቴራፒ የሚባለው ሌላ ነው፣ እሱ የሰለጠነ ባለሙያ አብሮ ተቀምጦ የሚሰራው ነው። ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ምንም ነገር ደስ ማይላችሁ ከሆነ፣ እንቅልፍም ምግብም ከተዘጋ፣ ያየነው የጦርነት ነገር በህልምም በእውንም እየተመላለሰ ሚያስደነግጣችሁ ከሆነ፣ ባልኖር ይሻላል ሚል ሀሳብ ከመጣ ደግሞ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ተናግራችሁ ሆስፒታል ሂዱ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አለ ብላችሁ ጠይቁ። ፀበሉንም ዱአውንም ተዉ ማለቴ አይደለም፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የእብድ ሀኪም ቤት ሄደች ይሉኛል ምትሉ፣ ያሉ እንደሆነ ይበሉ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰአት ጣራ ምታዩት እናንተ እንጂ እነሱ አይደሉም።

ብቻዬን ይሰለቸኛል ምትሉ ሰብሰብ ብላችሁ አድርጉት። እኛ ቤት አሁን እሁድ እሁድ ሶስት አራት ሰው ይመጣል፣ አንድ ሰፌድ እንስላለን፣ ለሁሉም ኮፒ ይደረጋል፣ ያው አንድ ገጽ ሆኖ የሁሉም ሌላ ይወጣል። እትዬም ይመጣሉ፣ የቤት ስራ ያሉት ራሳቸው። "አንቱስ ምን ቀለም ይዘዋል?" ስላቸው "እኔማ አረንጓዴ ነው፣ ሌላውን ለእናንተ ተውኩ" ብለው ገጹን ከዳር እስከ ዳር በአረንጓዴ ብቻ ሞሉት፣ ደማቅና ፈዛዛ እያደረጉ፣ እመኑኝ የዛን ቀን ከሁላችንም የሳቸው ነበር ያማረው። ችግሩ ወሬው ይጥምና ከለሩ ይቆማል፣ ከዛ ሰው መታማት ይጀምራል፣ ያው እሱም ያስታግሳል መሰለኝ።

የጨረሳችሁትን ክላሰር ውስጥ አድርጉ፣ ጀርባው ላይ ቀኑን ብቻ ጻፉ። ያልተቀባውን ዋናውን ግን በፍጹም አትቀቡት፣ ለብቻው አስቀምጡት፣ ከሱ ነው ኮፒ ምታስደርጉት። ኮፒ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ልጁን ጥቁሩን ጨምርልኝ በሉት፣ ካልነገራችሁት መስመሩ ግራጫ ሆኖ ይወጣና ሰማያዊ ስትቀቡበት ቅጠሉና ሶስት ማዕዘኑ ይደባለቃል። አምስት ኮፒ ይበቃል፣ አንዱ ቡና ይደፋበታል።